ጳጉሜን ያልተጻፈችበት ወረቀት

ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። ይህንንም ታሪክ በአፍሽ ንገሪን ብትሉኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ጥዬ ዝም እላችሁ ነበር። ወረቀት ግን ዐይን ዐይኔን አያየኝም። ስለዚህ ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ጊዜ፣ በሦስት የጳጉሜን ቀናት የደረሰብኝን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጠላት የገባ ጊዜ ዘምቶ አልተመለሰም፤ እናቴም ከእሱ ወዲያ ብዙ አልቆየች። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ጠላት ሳይመጣ አንድ መምህር ቡሬ ላይ ልጆች ሰብስበው ፊደል፣ ንባብና ሒሳብ ሲያስተምሩ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ሰምቻለሁ። መልሱን እያወቅሁ እጄን አውጥቼ አላውቅም። መምህሩ፣ "አንጓች ታውቀዋለች፤ ግን ከእሷ አፍ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ውኃ ማውጣት ይቀላል" ይሉ ነበር።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያስጠጉኝ ሙሴ ሃጎፕ ናቸው፤ ሙሴ የምንለው ለውጭ አገር ሰው ማክበሪያ ነው። አርመን ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ለመኳንንት ካባና በርኖስ ሲሰፉ ሠላሳ ዓመት ኖረው፣ ዐይናቸው የመርፌ ቀዳዳ ማየት ሲሳነው ሥራቸውን ተዉ። ጡረታ የሚቆርጥላቸው መንግሥት አልነበረም፤ ጡረታቸው በአንድ እንስራ ያጠራቀሙት ጠገራ ብር ነው። "አዲስ አበባ ብቀመጥ ብሬ አምስት ዓመት ታኖረኛለች፤ ቡሬ ብቀመጥ ዐሥራ አምስት" ብለው አስልተው ነው ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ ጥሩነሽ አገር የመጡት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ግን በመጡ በሦስተኛው ዓመት ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካለው መቃብራቸው እስከ ቤታችን ደጃፍ መቶ እርምጃ አይሆንም።

ሙሴ ሃጎፕ አማርኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል። ብቻ ሴትና ወንድ አይለዩም። እኔን "ና፣ ቁጭ በል" ይሉኛል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ደግሞ "እንዴት አደርሽ" ይሉታል። ዘበኛውም "ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ" ይላቸዋል፤ ለምዶታል።

በጥር ወር፣ አዲሱ እህል ወጥቶ ገበያው ርካሽ በሆነ ጊዜ፣ እንስራውን ከተቀበረበት አውጥተው ብሩን ቆጠሩ። ከዚያ ትልቅ ወረቀት አንጥፈው ጠሩኝ።

"ባገሩ ያለ ሰው ሲቸግረው ዘመድ ቤት ይሄዳል" አሉኝ። "የኔ ዘመድ ይህ ወረቀት ነው። እሱ ከዋሸኝ ሰው ፊት እጄን እዘረጋለሁ። እጄን መዘርጋት አልፈልግም፣ ልጄ። አንተ በአማርኛ ጻፍ፤ እኔ በአገሬ ፊደል እጽፋለሁ። ሁለታችንም ካየነው አይሳሳትም።"

እንዲህ ሆነና ወረቀቱ በየወሩና በየቀኑ ተሰመረ። እህል፣ ሽሮ፣ ጨው፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማገዶ። ጾም በሆነ ቀን ቅቤና እንቁላል ስለማይወጣ ቀኑ ላይ ትንሽ መስቀል አደረግሁ። አርመኖች እንደኛው ተዋሕዶ ናቸው፤ ሙሴ ሃጎፕም የሚጾሙት ከእኛ ጋር ነው። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ "የጥሩነሽ ሁለት ጣሳ" ብለው አጻፉኝ። ለነዳያን የሚጋገር ነው። በብሩ ከገዛነው እህል እሱን አስቀድመን ቀንሰን አስቀመጥን።

የቀረውን እህል ለወር ለወር በስልቻ ሞላን። ለሁለታችን በቀን አንድ ጣሳ፣ ጢም ብሎ። ከጥር እስከ ነሐሴ ስምንት ስልቻ ሰፍቼ ወጋግራው ላይ ሰቀልሁ።

"ወር ስንት ቀን ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሠላሳ።"

"የናንተ ወር ጨዋ ነው። የኛ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት፤ ሲያታልል ይኖራል። ነሐሴ ሲያልቅስ?"

"ከዚያማ ዕንቁጣጣሽ ነው። ገብስ ይደርሳል፣ ድንች ይቆፈራል፣ ወንዙም ይጎድላል።"

"እንግዲህ ጨረስን" አሉና እርሳሱን አስቀመጡ።

አንባቢዎቼ ስህተቱን እስካሁን አይታችሁት ይሆናል። እኛ ግን አላየነውም። ባገራችን ጳጉሜንን ወር ብሎ የሚቆጥራት የለም። ሎሌ ደመወዝ አይቀበልባትም፤ የቤት ኪራይ አይታሰብባትም። በነሐሴና በመስከረም መካከል እንዲሁ ታልፋለች። ሆድ ግን በጳጉሜንም ይርበዋል።

ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ጠነከረ። አርበኞቹ ወደ ቡሬ እህል እንዳይገባ አዋጅ አስነገሩ፤ የሚገባው እህል ምሽግ ያለውን ጠላት ነው የሚቀልበው ብለው። ገበያው ተፈታ። ዱቄት የሚገኘው ከጠላት መጋዘን ብቻ ሆነ፤ ያውም አባወራው ስሙን አስመዝግቦ በጣሊያን ገንዘብ በሊሬ ከገዛ። ሙሴ ሃጎፕ አልመዘገብም ብለዋል። የውጭ አገር ሰው ሆኖ የተመዘገበ ሁሉ ክረምቱ ሲወጣ በጭነት መኪና፣ በካሚዮን፣ ተጭኖ ወደ አስመራ እንደሚላክ በከተማው በር የቆሙት የጠላት ወታደሮች አለቃ፣ ሹምባሹ፣ በግልጽ ነግሯቸዋል።

"ጥሩነሽን ለማን ትቼ?" አሉኝ ያን ቀን። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "አስመራ ውድ ነው" አሉ።

ነሐሴ ሠላሳ ቀን ጧት የመጨረሻውን ስልቻ አራግፌ ሰፈርሁ። ጣሳው ጢም አለ። አንድ ፍሬ አልተረፈም፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም። ስምንት ወር ሙሉ ሳንሳሳት መዝለቃችን ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ሮጥሁ። ሙሴ ሃጎፕም መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻዋ ቀን ላይ ምልክት አኖሩ።

"ደግ። ነገ አዲስ ዓመት ነው። እንኳን አደረሰህ" አሉኝ።

"አሜን፣ እንኳን አብሮ" ልል አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"ምነው?"

"ነገ... ጳጉሜን ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ባገራችን ኖረዋልና ጳጉሜንን ያውቋታል። ማወቅ ሌላ፣ ስልቻ መስፋት ሌላ ነው።

"አምስት ቀን" አሉ ቀስ ብለው።

"ስድስት። ዘንድሮ ዘመኑ ሉቃስ ነው።"

መጀመሪያ ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ያን ሁሉ ዘመን ካባ ስሰፋ እጅጌ ረስቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ፤ ባዶዎቹን ስልቻዎች አዩ።

ጎረቤቶቻችን እንደኛው ናቸው። አንዲት ሴትዮ ሁለት እፍኝ ቆሎ ሰጠችን፤ እሷም ከልጆቿ ቀንሳ ነው። ማታ ሙሴ ሃጎፕ የክት ኮታቸውን ከሣጥን አውጥተው ማራገፍ ጀመሩ።

"አንተ ወጣት ነህ፤ ስድስት ቀን ትችላለህ። እኔ አልችልም። ነገ ሄጄ እመዘገባለሁ" አሉኝ።

ሰው ለምኜ አላውቅም ነበር፤ ያን ማታ ግን ለመንሁ። "እስከ ሩፋኤል ይቆዩኝ። ከላህ ወንዝ ማዶ አክስት አለችኝ። እህል ገዝቼ እመጣለሁ።"

ሩፋኤል ጳጉሜን ሦስት ነው፤ ላህም ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምትባለው ከተማ መዳረሻ የሚወርደው ወንዝ ነው። ኮታቸውን አጥፈው ሣጥኑ ላይ አኖሩት። "እሽ። የሩፋኤል ቅዳሴ ሲያልቅ ካልመጣህ እሄዳለሁ" አሉ። ሁለት ጠገራ ብር በዚያው ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። "የገዛህበትን ዋጋ እዚያው ጻፍ። በቃል አትያዝ፣ ትረሳለህ።"

የነሐሴን መጨረሻ እንጀራ ቆሎውን ጨምሬ ትቼላቸው ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ።

በመኪናው መንገድ መሄድ አልደፈርሁም። በማሳው ዳር ዳር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ ላህ ደረስሁ። ውኃው እስከ ጉልበት ነበር፤ ተሻገርሁ። ዳገቱን ሳልጀምር ሦስት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ። ከፊት የቆመው ጎፈሬው እንደ ድባብ የተዘረጋ ወጣት ነው፤ ስሙ ሙላት መሆኑን በኋላ ሰማሁ።

"ከየት ወዴት?" አለኝ።

"ከቡሬ። አክስቴ ዘንድ።"

"የት አገር ናት አክስትሽ?"

የመንደሩን ስም ነገርሁት። እርስ በርስ ተያዩ።

"ያ መንደር ከተቃጠለ ወር አለፈው። ሰዉ ሁሉ ወደ ቋሪት ወጥቷል" አለ ሙላት። "አክስት የሌለበት አገር አክስት ጥየቃ። በይ ጉያሽ ውስጥ ያለውን አውጪ።"

ስለ አክስቴ ልጠይቀው እየፈለግሁ ጥቅሉን አውጥቼ ሰጠሁት። ወረቀቱን ዘረጋው፤ ብሮቹ ጭቃው ላይ ወደቁ። እነሱን አንሥቶ መለሰልኝ። ወረቀቱን ግን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። "ይህስ?" አለ። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁ። ዝምታዬን ጥፋት አድርጎ ቈጠረብኝና ወደ አለቃቸው ይዞኝ ሄደ።

የአርበኞቹ አለቃ ግራዝማች ይመኑ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ከአንድ ሰፊ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ያበጠ እግራቸውን በሞቀ ውኃ ነክረው ነበር። አጠገባቸው አንድ መሪጌታ አሉ። ሰዎቹ ሰፈርተኛ ሲዳኝ እንደሚያዩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሙ። በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

"የሰላይ ወረቀት ነው፣ ጌታዬ" አለ ሙላት። "ግማሹ በጣሊያን ጽሕፈት ነው።"

መሪጌታው ገልብጠው አዩት። "ጣሊያን እንዲህ አይጽፍም። ይህ ሌላ ነው። የማን ጽሕፈት ነው፣ ልጄ?"

"የአርመን" አልሁ።

"ምን አለች?" አሉ ግራዝማች።

"ጮክ በይ እንጂ" አለኝ ሙላት። "እዚህ አማት የለብሽም።"

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ይበልጥ ሰበርሁ።

"መስቀሎቹን ይመልከቱ" አለ ሙላት ለግራዝማች። "ይኸው የሐምሌው። በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ ላይ መስቀል አለ። የጠላት ካሚዮን የሚያልፈው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ እኛም ወደ መንገዱ የምንወርደው ያን ቀን ነው። የምንወርድበትን ቀን መዝግባ ለሹምባሹ ልታደርስ ነው።"

"ረቡዕና ዓርብማ ጾም ነው" አሉ መሪጌታው።

"ጾምማ ነው፣ የኔታ። ግን በወረቀት የሚጾም ሰው አይተው ያውቃሉ?"

እንደገና ሳቅ ሆነ። ግራዝማች ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ተናገሪ" አሉኝ። "በዚህ ቦታ ለሰላይ ምሕረት የለኝም። ለእህል አስገቢም የለኝም። ከሁለቱ አንዱ ከሆንሽ ዝም ማለትሽ አያድንሽም።"

ቡሬ ላይ ኮታቸውን አራግፈው የሚጠብቁኝ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ዐይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ "የወር ወጪያችን ነው" አልሁ። "ጾም ሲሆን ቅቤና እንቁላል አይወጣም። መስቀሉ ለዚያ ነው።"

መሪጌታው ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አቀረቡ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ወረቀቱ በእጃቸው ሲገላበጥ ይሰማኛል፤ የላህ ውኃም ከታች ይሰማኛል።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ከሚያዝያ መባቻ እስከ ግንቦት ሃያ ድረስ ረቡዕና ዓርብ ላይ አንድም መስቀል የለም። ለምን ተውሽው? ረስተሽ ነው?"

"አልረሳሁም። ፋሲካ ሚያዝያ አንድ ቀን ዋለ። ከዚያ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም። ያን ጊዜ ወጪው ይበዛል።"

መሪጌታው ወደ ሙላት ዞሩ። "ልጅ ሙላት፣ ካሚዮን በዓለ ሃምሳን ያከብራል እንዴ?"

የሰዎቹ ሳቅ አሁን ወደ ሙላት ዞረ። እሱም ጎፈሬውን አከከ። "በዓለ ሃምሳም ሲያልፍ አይተነዋል፣ የኔታ" አለ።

"ያንብቡልኝ ሌላውን" አሉ ግራዝማች።

መሪጌታው አነበቡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የቤታችን ጨውና ማገዶ፣ የምንበላት እንቁላል ሳትቀር ስትነበብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከዚያ አንድ ቦታ ቆም አሉ። "በየወሩ በሃያ አንድ 'የጥሩነሽ ሁለት ጣሳ' ይላል። ጥሩነሽ ማን ናት?"

"የሙሴ ሚስት ናቸው። ሞተዋል። በማርያም ቀን ተጋግሮ ለነዳያን ይሰጣል።"

"ለእናንተ በቀን አንድ ጣሳ፣ ለሞተችው ሁለት?" አሉ ግራዝማች።

"የእሳቸው አስቀድሞ ተቀንሶ ነው የተቀመጠ። አይነካም።"

ግራዝማች እግራቸውን ከውኃው አወጡ። "እንግዲህ እስከ ነሐሴ አዝልቃችሁታል። ጳጉሜንስ የት አለች?"

"ጳጉሜንን ረስተናል፣ ጌታዬ። የመጣሁትም ለእሷ ነው።"

ሁሉም ሳቁ፤ ይህ ሳቅ ግን እንደ ፊተኛው አላሳፈረኝም። ሁሉንም ተናገርሁ፤ ስለ መዝገቡም፣ ስለ አስመራም፣ ስለ ሩፋኤልም። ግራዝማች ወረቀቱን አጣጥፈው በእጃቸው መለሱልኝ። "ሰላይ አይደለሽም። ነገር ግን እህል ወደ ቡሬ አላስገባም። ለአንድ ብፈቅድ ለሁሉ ነው። አዋጁን ያስነገርሁት እኔ ነኝ፤ አልሰብረውም። ዛሬ ከሴቶቹ ጋር እደሪና ነገ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ" አሉ።

የሞት ፍርድ ቀርቶልኝ ነበር፤ ልቤ ግን እንደ ተፈረደበት ሰው ወደቀ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ የስንቅ ሹሙ አያ ካሴ ለግራዝማች ለመናገር መጡ። ጸሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል፤ የቀኑ ቀለብ ታድሏል። "የቀረን ገብስ ዐሥራ ስድስት ቁና ነው" አሉ። "በቀን አራት ቁና፣ አራት ቀን። ጳጉሜንን ይዘልቀናል። በዕንቁጣጣሽ አገሬው ቀለብ ያወጣል።"

"በመካከል ጎደለ ብላችሁ የገበሬ ጎተራ እንዳትነኩብኝ" አሉ ግራዝማች። "ምያለሁ።"

"ኧረ ልክ ነው። ቆጥሬዋለሁ።"

ልክ አልነበረም። በልቤ ወዲያው ታየኝ። ከጳጉሜን ሁለት ጀምሮ አራት ቀን ጳጉሜን አምስት ላይ ያልቃል። አሁን እንኳ ሳስበው ይገርመኛል። የተለቀቅሁት ገና ነው፤ ዝም ብል ማንም አይነካኝም። የሽማግሌ የስንቅ ሹም ሒሳብ በጭፍሮቹ ፊት ማረም ደግሞ ለሴት ልጅ የሚገባ አይደለም። ዕድሜ ልኬን መልሱን እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ስድስት ቀን መርሳት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ።

"አያ ካሴ" አልሁ። "ይቅር ይበሉኝና፣ ዘንድሮ ሉቃስ ነው።"

"ምን?"

"ጳጉሜን ስድስት ናት። ስድስተኛው ቀን ቀለብ የላችሁም።"

አያ ካሴ አፋቸውን ከፍተው ወደ መሪጌታው ዞሩ። መሪጌታው ሊያማትቡ እጃቸውን አነሡና ተዉት። "እውነቷን ነው" አሉ። "ባሕረ ሐሳብ የምቆጥረው እኔ ዝም ብዬ፣ ይህች ልጅ ነገረችን።"

"ምን ይሻላል?" አሉ ግራዝማች። የጠየቁት እኔን ነበር።

የሰዎቹን ቁጥር ጠየቅሁ። አርባ ስምንት ናቸው። አንድ ቁና ለዐሥራ ስድስት ሰው ካዳረሳችሁት፣ አልሁ፣ በቀን ሦስት ቁና ይበቃል፤ ትንሽ ይከብዳል እንጂ ይቻላል። ለአምስቱ ቀን ዐሥራ አምስት ቁና ይሆናል።

"ዐሥራ ስድስተኛይቱስ?" አሉ ግራዝማች።

"እሷ ለአርባ ስምንት ሰው አትከፋፈልም። ለክፉ ቀን ትቀመጥ።"

እኔ ይህን ስል ስለ ራሴ አላሰብሁም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግራዝማች ግን ወደ መሪጌታው አይተው ፈገግ አሉ። "የኔታ፣ አዋጄ እህል አይግባ ይላል። መንገደኛ ስንቁን ይዞ እንዳይሄድ ይከለክላል?"

"ስንቅማ ማን ይከለክላል።"

"ጳጉሜን ወንዝ ናት። ሁሉም ካሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ የሚሻገርባት። ያ ሽማግሌ ከዚያ ማዶ ቀርቷል። ያችን የተረፈች ቁና ገብስ ቆልታችሁ ፍጩና በሶ አድርጋችሁ ስጧት። ስንቅ ነው።"

ሁለቱን ብር አወጣሁ። "አስቀምጪው" አሉኝ። "ከሸጥሁልሽማ እህል ሆነ።"

የአርበኞቹ ሚስቶች በማግስቱ ቆልተው ፈጩልኝ። አክስቴም በደኅና ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም መድረሷን አንዷ ነገረችኝ። እንዳልሄድ ግን ሌሊቱን በላይ በኩል ዘንቦ ላህ ሞላ። ጳጉሜን ሁለት ቀኑን ሙሉ ዳር ተቀምጬ ውኃው ግንድ ሲያንከባልል አየሁ። መሪጌታው መጥተው፣ "ወንዝና ሹም ቢታገሡት ያልፋል" አሉኝ። አላጽናናኝም። እኔ የምቈጥረው የሩፋኤልን ቅዳሴ ነው።

ጳጉሜን ሦስት ሲነጋ ውኃው እስከ ወገብ ወርዶ ነበር። የሚያሻግረኝ ሙላት ሆነ። ስልቻውን በራሱ ላይ አድርጎ እጁን ዘረጋልኝ።

"ያዢኝ እንጂ፣ እመት ሉቃስ። ሰላይ ነሽ ያልሁሽን ቂም ይዘሽ ውኃ ልትገቢ ነው?"

"አልያዝሁም" አልሁት።

"ቀለባችንን ከአራት ቁና ወደ ሦስት ያወረድሽው ግን ቂም ነው" አለኝ። ከውኃው ስንወጣ ስልቻውን አሸከመኝና፣ "ለአርመኑ ንገሪልኝ፤ ጽሕፈቱ የቁራ እግር ይመስላል" ብሎ ተመለሰ።

ዝናብ ጀመረ። የሩፋኤል ዝናብ ነው፤ በየመንደሩ ልጆች ወጥተው ይጠመቁበት ነበር። እኔ በሶው እንዳይርስ ነጠላዬን አልብሼው ራሴ ራስሁ። አንዳንድ ቦታ ሮጥሁ፤ አንዳንድ ቦታ ወደቅሁ። ከተማው መግቢያ ላይ ሹምባሹ ስልቻውን አስፈትቶ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ።

"ለማን ነው?"

"ለአባቴ" አልሁ። ስናገር እንደዚያ ወጣልኝ። እለፊ አለኝ።

ቤት ማንም አልነበረም። ምድጃው ቀዝቅዟል። የክት ኮታቸው ከሣጥኑ ላይ የለም። ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ ወዲያው የቅዳሴ ዜማ ከቅጥሩ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ዓርብ ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ ዘግይቶ ይገባል፤ ዘግይቶ ይወጣል። በወረቀቴ ላይ በየሳምንቱ መስቀል የማደርግበት ዓርብ ነው የጠበቀልኝ።

ከወይዘሮ ጥሩነሽ መቃብር አጠገብ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዝናቡ ከባርኔጣቸው እየወረደ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትንሽ ጥቅል በጉልበታቸው ላይ አለ። ከጥቅሉ ጫፍ መቀሳቸው ይታያል።

ስልቻውን ፊታቸው አኖርሁ። ፈትተው አዩት። ቆንጥረው ወደ አፍንጫቸው አቀረቡና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

"ቅዳሴው ሲያልቅ እሄዳለሁ ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ዛሬ እንዴት ረዘመ እያልሁ ቄሶቹን ሳማ ነበር። በስንት ገዛኸው?"

"አልገዛሁትም። ስንቅ ነው" ብዬ ሁለቱን ብር በመዳፋቸው አኖርሁ።

ቤት ገብተን በሶውን በጥብጠን ጠጣን። ሁሉንም ስነግራቸው አመሸሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ስጨርስ የረጠበውን ወረቀት እሳት ዳር አድርቀው እርሳሳቸውን ፈለጉ። ከነሐሴ በታች ባዶ ቦታ አልነበረም። ከወረቀቱ ጫፍ ላይ፣ ጣት በማታህል ቦታ፣ በእሳቸውም ፊደል በእኔም ፊደል ጳጉሜንን ጻፍናት። የሙላትንም መልእክት ነገርኋቸው። "ዐይን አለው" አሉ።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመት ሞላ። ከዚያ ወዲያ ግራዝማች በሰው በሰው እያስላኩ የቀለባቸውን ሒሳብ ያስቈጥሩኝ ጀመር፤ ጠላት እስኪወጣ ድረስ ቈጠርሁላቸው። ሙሴ ሃጎፕ ከተማው ነጻ ሲወጣ አይተዋል። ካሚዮን ሳይወስዳቸው፣ እጃቸውን ለማንም ሳይዘረጉ፣ አምና በሰላም ዐርፈው ከሚስታቸው ጎን ተቀበሩ። እንስራው ውስጥ ዐሥራ አንድ ብር ተርፎ ነበር። ቤቱንና ወረቀቱን ለእኔ ተዉልኝ። ዛሬ የምተዳደረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ለሚነግዱ ሰዎች ወጪና ገቢያቸውን እየጻፍሁ ነው። አሁንም ሰው ፊት አፍራለሁ። ግን የተሳሳተ ቁጥር ሳይ ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሣለሁ።

እናንተም ከአገራችሁ ርቃችሁ በተቈጠረ ገንዘብ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ለሌላ ሰው የምትቈጥሩ፣ ልመና አለኝ። ወሮቹን ደርድራችሁ ስትጨርሱ እርሳሱን ቶሎ አታስቀምጡ። ሁላችን እያወቅናት ማንም የማይጽፋት ቀን አትጠፋም። ለዚያች ቀን ደግሞ ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ እኔ ሰው ነው ያሻገረኝ። ግራዝማችን፣ መሪጌታውን፣ አያ ካሴን፣ እጁን የዘረጋልኝን ሙላትን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስልቻዎቹ ዛሬም ወጋግራው ላይ ናቸው። ከነሐሴው ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ስልቻ ሰፍቼ ሰቅያለሁ። ዘንድሮ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን አምስት ናት። እኔ ግን በየዓመቱ ስድስት ጣሳ ነው የምሰፍርባት። ስድስተኛዋ፣ ቀን ተሳስቶ ደጄን ለሚመታ ሰው ናት።